የጋሽ ከድር ሰማያዊ

ጋሽ ከድር ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ነጃት ናት። ሱቁን ገና መክፈቴ ነበር። ኮምፒውተሩ እያንገራገረ ይነሣል፤ ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም መንገዱን ተሻግሮ ደጃችን ድረስ መጥቷል። ስልኩን አነሣሁት። "ሰናይት፣ አባዬ..." ብላ አልጨረሰችውም። ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የሳቸውን ወንበር ከጠረጴዛው ሳብ አድርጌ በሻርፔ ጫፍ አቧራውን ጠረግኩለት፤ እንደ ሁልጊዜው ትንሽ አርፍደው የሚመጡ ይመስል።

ካረፉ ወዲህ ብዙ ሰው ስለ እሳቸው ያወራል። ደግ ነበሩ ይላል፤ ቀልደኛ ነበሩ ይላል። እውነት ነው። እኔ ግን ጋሽ ከድርን ሳስብ የሚመጣብኝ አንድ ቀለም ነው። ከተማችንን አንድ ዓመት ሙሉ ያለበሷት፣ እሳቸው ራሳቸው ግን ያላዩት ሰማያዊ።

አሰላ ውስጥ መታወቂያ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን እሳቸው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። እንደ ሌላው ፎቶ አንሺ ፈገግ በል አይሉም። "አገጭህን ዝቅ። ትንሽ ቀና። አሁን እናትህን አስብ" ነው የሚሉት። ሰውየው እናቱን ማሰብ ሲጀምር ቀጭ ያደርጉታል። ስም ይረሳሉ፤ ቀጠሮ ይረሳሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ግዙ ያሏቸውን ስኳር ይረሳሉ። ፊት ግን አይረሱም፤ ያውም ከነቀለሙ።

"ጠይም ብሎ ነገር የለም" ይሉኝ ነበር። "የስንዴ ጠይም አለ፤ የገብስ ጠይም አለ፤ ዝናብ የመታው የመሬት ጠይም አለ። ሁሉንም ጠይም ብለሽ ከጠራሽው፣ ሰው አላየሽም ማለት ነው።"

እኔን "የተቆላ ገብስ" ነበር የሚሉኝ። መጀመሪያ የጠሩኝ ዕለት ስድብ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ አኩርፌ ዋልኩ። ማኩረፌን ያወቁት ማታ ሱቁን ስንዘጋ ነው። "የተቆላ ገብስ የሚጠላ ሰው አርሲ ውስጥ ምን ይሠራል?" ብለው ሳቁብኝ።

ሱቃችን ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መታወቂያ ፎቶ እናነሣለን፣ የሠርግ ካርድ፣ የቀን መቁጠሪያና ባነር እናዘጋጃለን፣ የተማሪ ጽሑፍ እንጠርዛለን። ብዛት ያለው ሥራ ግን አዳማ ሄዶ ነው የሚታተመው። የምንሠራበት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ርካሽ ነው፤ ጸባዩም እንደ ዋጋው ነው። ከበድ ያለ ፎቶ ስንከፍትበት ጭጭ ይላል። እኔ ማውዙን መነካካት ስጀምር ጋሽ ከድር እጄን ያዝ ያደርጉኛል። "ተዪው፣ እያሰበ ነው። አንቺስ ስትጠየቂ ታስቢ የለ?"

ትልቁ ችግሩ ሌላ ነው። ስክሪን ቀለሙን የሚሠራው ከብርሃን ነው። ማተሚያ ግን ከአራት ቀለም ነው የሚሠራው፤ ሳያን ከሚባለው ውሃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ ከሚባለው ደማቅ ሮዝ፣ ከቢጫና ከጥቁር። የአዳማው ማተሚያ ቤት ፎቶው ወደነዚህ ወደ አራቱ ተቀይሮ ካልሄደለት አይቀበልም። ሲኤምዋይኬ ይሉታል። የእኛ ርካሽ ፕሮግራም ይህን አያውቅም፤ ከማዘዣዎቹ መካከል ስሙም የለ። ስለዚህ ፎቶውን በእሱ እናሳምርና፣ በነጻ ያገኘነው ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ከፍተን እንቀይረዋለን።

ያቺ የመቀየሪያ ቅጽበት ሁሌም ታሳዝነኝ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሲያበራ የነበረው የክረምት ማሳ በአንድ ጊዜ ይደበዝዛል። የሙሽራዋ ቀይ የጡብ ቀይ ይሆናል። ጋሽ ከድር "ቢስሚላህ" ብለው ይጫኑና "ወረደ" ይላሉ፤ ከሰማይ ወደ መሬት ማለታቸው ነው። ፊቴን አይተው ደግሞ ያጽናኑኛል።

"አትዘኚ። ስክሪን አዲስ አማች ነው፤ ተውቦ ነው የሚመጣው። ወረቀት ግን የቤት ሰው ነው፤ ጠዋት ሲነሣ ታይዋለሽ።"

ከዚያ እያንዳንዱን ፊት በእጃቸው ያቃናሉ። ቢጫውን በጥቂቱ ይነካሉ፤ ሳያኑን በጥቂቱ ይነካሉ። ፊት በጅምላ አይቃናም ባይ ናቸው። ከጨረሱ በኋላ ናሙናውን በትንሿ ፕሪንተር ያወጡና "ወደ ደጅ!" ይላሉ። በአምፖል ሥር የታየ ቀለም እሳቸው ዘንድ አልታየም። ባለጉዳዩም እኔም እሳቸውም መንገድ ዳር ቆመን ወረቀቱን ለብርሃን እንሰጠዋለን። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አስተያየት አለው። "ኦቦ ከድር፣ ሙሽራዋን አቀላችኋት!" ብሎ እየሳቀ ያለፈ የባጃጅ ሹፌር ትዝ ይለኛል። ጋሽ ከድር ወረቀቱን መልሰው አዩትና "እውነቱን ነው" ብለው ገቡ፤ እንደገና ሠሩት።

ከዕለታት አንድ ቀን ወደ ደጅ መውጣት አቆሙ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የጠራበት ሰሞን ነው። "ፀሐዩ ዘንድሮ ክፉ ነው፤ ይወጋኛል" አሉ። አሰላ ላይ ፀሐይ ክፉ ነው ሲባል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እኛ ፀሐይ የምንለምን ሰዎች ነን። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ናሙናውን እዚያው ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ወደ ፊታቸው አስጠግተው ያዩት ጀመር።

በዚያው ሰሞን የአንዲት የጢቾ ሙሽራ ካርድ ሠሩ። ፎቶው እንደተላከ ከአዳማው ማተሚያ ቤት ስልክ ተደወለ።

"ጋሼ፣ ቢጫ ቀለም ረሳችሁ እንዴ? ሰዎቹ እኮ ሰማያዊ ሆነዋል!"

"እንደላክንልህ አትም!" ብለው ዘጉበት። ወደ እኔ ዞረውም "ቀለም ሊያስተምረኝ" አሉ።

እኔም ፈራ ተባ እያልኩ፣ "ጋሽ ከድር፣ እውነት ሰማያዊው ትንሽ አልበዛም?" አልኳቸው። ናሙናውን እንደገና አነሡት። "ሰማያዊ? የቱ ጋ?" አሉና ሳቁ። ሲያሾፉብኝ ነው ብዬ እኔም ሳቅኩ። ማሾፍ ልማዳቸው ነውና።

ካርዱ ታትሞ ሲመጣ ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሙሽሮቹ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ፀሐይ ጠልቃ ጨለማው ሳይመጣ፣ በዚያች አጭር ሰዓት ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። የቬሎው ነጭነት ከራሱ ብርሃን ያወጣል። ከኋላቸው ያለው ባሕር ዛፍ ጉም ውስጥ ገብቷል። ፊታቸው የራሳቸው ፊት ነው፤ ነገር ግን በሕልም እንደምናገኛቸው ዘመዶች፣ ቅርብ ሆነው የማይነኩ ናቸው። ካርዱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ማስቀመጥ አልፈለግኩም።

ከዚያ ወዲያ ሰው "የጢቾዋን ቀለም" ብሎ ይመጣ ጀመር። ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ሱቅ የሚከፍተው፣ ሁሉም ያንኑ ሰማያዊ ይሻል። ፀጉር አስተካካዩ ቤት የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሰማያዊ ሆነ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን እንኳ ለኮንፈረንስ ፖስተር ተነሥተን ከነወንበሮቻችን ሰማያዊ ሆነን ወጣን። ፓስተራችን አይተው "የሰማይ ሰዎች መስለናል" ብለው ደስ አላቸው። ጎረቤት ያለው ሱቅ ሊኮርጅ ሞክሮ ነበር። ሰማያዊውን እንደ ቀለም ቀቢ በላዩ ላይ ደፋበትና ሰዎቹ ብርድ የመታቸው መሰሉ። እምቢ ያሉት ከበቆጂ የመጡ አንድ አባት ብቻ ናቸው። "እኛ ብርዱ ሞልቶናል፤ ካርዱ ላይ ደግሞ አንጨምርም" ብለው የልጃቸውን ፎቶ ይዘው ወጡ። ጋሽ ከድር ግራ ገብቷቸው ከኋላቸው አዩአቸው። "ምን ብርድ ነው የሚሉት ሰውዬው?" አሉኝ።

ሚስጥሩ የተገለጠው በነጃት ነው። ነጃት አርቦዬ ከተማ ነው የምታስተምረው። ለእረፍት ቤት በመጣች ጊዜ አባቷ ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ጎን ሲያፈሱ አየች። አልተናገረችም፤ በነጋታው እጃቸውን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። የዓይን ሞራ ነው ተባለ፤ በሁለቱም ዓይን፣ ቀስ እያለ የመጣ። መጀመሪያ ቀኙን ሠሩላቸው።

ፋሻው የተነሣ ዕለት በቀጥታ ወደ ሱቅ መጡ። ሳይገቡ ደጁ ላይ ቆመው ጭላሎን አዩ። ቀኝ ዓይናቸውን ጨፈኑና ከፈቱ። ግራውን ጨፈኑና ከፈቱ። "ያ ረቢ" አሉ። "ተራራውን አጥበውታል።"

ከዚያ ገቡ። ግድግዳው ላይ የሠራናቸው ካርዶች ናሙና ተለጥፏል።

"ይህን ማነው የሠራው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ይሄኛውንስ?"

"እሱንም እርስዎ።"

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "ሁሉ ነገር ሻይ ውስጥ ነበር፤ ቀጭን ሻይ። ቀስ ብሎ ስለመጣ አላወቅኩበትም። ፊቱ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ይሆንብኛል። 'ይህቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ መልኳ እንደዚህ አይደለም' እላለሁ፤ ቢጫውን እቀንሳለሁ። ሰዉን ወደ ራሱ የመለስኩት መስሎኝ ነበር እኮ፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲከፋቸው ወደ እናታቸው ቋንቋ ነበር የሚሄዱት። "ሰዉን ሁሉ ብርድ አስመታሁት።"

ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። የተሠራው ዓይንም ያልተሠራውም እኩል ያለቅሳል።

ያበላሸሁትን አስተካክላለሁ ብለው ተነሡ። ከጢቾዋ ሙሽራ ነበር የጀመሩት፤ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ቤቷ ስንደርስ ካርዱ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሕፃን ታቅፋ ተቀበለችን። ጋሽ ከድር ጉዳያቸውን አስረዷት፤ ዓይናቸው ታሞ እንደነበር፣ መልኳን እንዳበላሹት፣ እንደገና በነጻ እንደሚሠሩላት። ልጅቷ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ከዚያ ሄዳ ካርዱ ፊት ቆመች፤ እንዳይወስዱባት የምትከላከል ይመስል።

"ጋሽ ከድር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልሰጥም። እርስዎ ሠርጉ ላይ አልነበሩም። ያ ቀን ልክ እንደዚህ ነበር።"

ሌሎቹም ያው ናቸው። አንድም ሰው ካርዱን የመለሰ የለም። ከጢቾ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፈው የገብሱን ማሳ ሲያዩ ቆዩ። ማሳው ነፋስ ሲነካው ይተኛል፤ ይነሣል። በኋላ ግን የተኙ መስሎኝ ነበር።

"ሰናይት።"

"አቤት።"

"ከእንግዲህ ማንንም ካለ መልኩ እንዳታወጪ። እኔ ብሞትም። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባሁ።

"የነጃትን የሠርግ ካርድ ግን ለአንቺም አልሰጥም። በአዲሱ ዓይኔ እኔው ራሴ ነኝ የምሠራው። ስንዴ ሆና አትወጣም፤ ገብስ ሆና አትወጣም፤ ነጃት ሆና ነው የምትወጣው።"

ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ሁሉ ትክክል ሆነ። ወደ ደጅ መውጣት ጀመርን፤ ባለባጃጆቹም አስተያየታቸውን ቀጠሉ። ሰማያዊውን ፈልጎ የመጣውን "እሱ አልቋል" እያሉ ይመልሱታል፤ እንደ ስኳር። የግራ ዓይናቸውን ቀጠሮ ግን ዛሬ ነገ እያሉ ገፉት። አንዳንዴ ከሥራ ቀና ሲሉ ጤነኛውን ዓይን በመዳፋቸው ሸፍነው በአሮጌው ብቻ ግድግዳውን ያዩታል። "ለዚህኛው ትክክል ነው" ይላሉ ለራሳቸው። ሳያቸው እጃቸውን ቶሎ ያወርዳሉ።

የነጃትን ካርድ ሳይሠሩ አረፉ። ሕመሙ አጭር ነበር።

ሐዘኑ ከወጣ በኋላ ነጃት ወደ ሱቅ መጣች። የአባቷን ወንበር አየችና ከሱ ጎን ቆመች፤ አልተቀመጠችም። ፎቶዋን በስልኳ ልካልኝ ነበር፤ እሷና እጮኛዋ አርቦዬ ላይ፣ ማሳ ዳር ቆመው።

"ካርዴን አንቺ ሥሪልኝ" አለችኝ። "በአባዬ ሰማያዊ።"

ደነገጥኩ። የገባሁትን ቃል ነገርኳት። አባቷ በዚያ ቀለም ምን ያህል እንዳፈሩ፣ የእሷን ካርድ በአዲሱ ዓይናቸው ሊሠሩ እንደነበር፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ሠርጌ ላይ አባት የለኝም፣ ሰናይት። ቀለሙ እንኳ ይኑርልኝ።"

እምቢ እንዴት ይባላል? እሺ እንዴት ይባላል? "ልሞክር" አልኳት፤ በሁለቱ መሀል የተገኘች ቃል እሷ ብቻ ነበረች።

መሞከሩንም አልቻልኩበትም። የድሮ ሥራዎቻቸውን ከፍቼ መጠኑን ፈለግኩ። መጠን የሚባል የለም፤ እያንዳንዱ ፊት ለብቻው የተቃና ነው። ለአንዷ ቢጫው በጣም ወርዷል፤ ለሌላዋ ሳያኑ ከፍ ብሏል። በግምት ሠራሁና ናሙናውን ለነጃት አሳየኋት። ገና ከእጄ ሳትቀበለኝ ራሷን ነቀነቀች። "ይሄ የጎረቤት ሱቅ ሰማያዊ ነው" አለች። እውነቷን ነው። ብርድ የመታው ሰማያዊ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪ ጽሑፍ ስጠርዝ፣ ለሽፋን የምንጠቀምበትን በውስጡ የሚያሳይ ቢጫ ፕላስቲክ አነሣሁ። ንጹሕ መሆኑን ለማየት ወደ ደጁ አነጣጠርኩት። መንገዱ፣ ባጃጁ፣ ጭላሎ፣ ሁሉም ቀጭን ሻይ ውስጥ ገቡ። እጄ እንደተነሣ ቀረ። ያን የመሰለ ናፍቆት ይዞኝ አያውቅም። ለካ ጋሽ ከድር በዚህ በኩል ነበሩ።

የጥረዛውን ሥራ ጣልኩት። የነጃትን ፎቶ ከፈትኩ፤ በልቤ ስለ እሳቸው "ቢስሚላህ" ብዬ ቀየርኩት። ከዚያ ቢጫውን ፕላስቲክ ዓይኔ ላይ ይዤ ነጃትን አየኋት። ቢጫ ሆናለች። ይህቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ መልኳ እንደዚህ አይደለም አልኩ። ቢጫውን ቀነስኩ። አሁንም አይደለችም። ሳያኑን ትንሽ ነካሁት፤ ማጀንታውን መለስ አደረግኩት። ለሰማያዊ አልሠራሁም፤ ስለ ሰማያዊ ማሰቡንም ትቼው ነበር። የምፈልገው ነጃትን ብቻ ነው። ቀስ በቀስ መጣች፤ ግንባሯ፣ ጉንጯ፣ ስትስቅ የምታሳየው ያ አባቷን የሚመስል ነገር። ራሷ ስትሆን እጄን ከማውዙ አነሣሁ። ካለ መልኳ አላወጣኋትም፤ ቃሌን አላፈረስኩም። ከዚያ ፕላስቲኩን ከዓይኔ ላይ ዝቅ አደረግኩት። ስክሪኑ ላይ ያቺ ዝናብ ያባራባት አጭር ሰዓት ቆማለች።

ነጃት ስትመጣ ናሙናውን አልሰጠኋትም። "ወደ ደጅ!" አልኳት። መንገድ ዳር ቆመን ወረቀቱን ለብርሃን ሰጠሁት። አየችው። "እሱ ነው" አለች። "የአባዬ ነው። ከየት አገኘሽው?"

ቢጫውን ፕላስቲክ አቀበልኳት። "አሁን ደግሞ በዚህ እዪው።"

ዓይኗ ላይ አድርጋ ወረቀቱን አየች። ሰማያዊው የለም። ወረቀቱ ላይ ያለችው ጠይሟ ነጃት ናት፤ ሌላ ማንንም የማትመስል። አላፊ አግዳሚው ያየናል። ያን ቀን ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም አስተያየት አልሰጠም።

"እንደዚህ ነበር የሚያየን?"

"እንደዚህ ነበር።"

"ታዲያ አልተሳሳተም እኮ፣ ሰናይት። አልተሳሳተም!" እንባዋ በፕላስቲኩ ሥር እየወረደ ነበር፤ ግን ከዓይኗ ላይ አላነሣችውም። በእሱ በኩል ጭላሎን አየች። ሱቁን አየች፤ ባዶውን ወንበር አየች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። ብዙ አስተዋለችኝና ፈገግ አለች።

"የተቆላ ገብስ" አለችኝ።